የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ድምፁ ግን የለም

ሚንቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ሲያበቃ ሊኑክስ ሚንት 22 ጫንኩበት። እስካሁን በጣም ወድጄዋለሁ። ብራውዘሩም ፊልሙም ሙዚቃውም ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ችግር የሆነብኝ ጌም ነው፣ እሱም ሁለት ዓይነት።

አንደኛው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው፣ የ2005ቱ የፒሲ እትም። ዲስኩ ስላለኝ በሉትሪስ (ጌም መጫኛና ማስጀመሪያ ፕሮግራም ነው) ጫንኩት። ሉትሪስን ከሚንት ፓኬጅ ነው ያገኘሁት፣ ዋይኑን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን) ግን ራሱ ሉትሪስ ነው ያወረደልኝ። ጌሙ ቆንጆ አድርጎ ይሠራል፣ ግን ጭጭ ነው። ሬዲዮ የለ፣ የሞተር ድምፅ የለ፣ ሰው ሲያወራ አፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ግራ የገባኝ ደግሞ የዋይን ኮንፊግሬሽንን ከፍቼ ኦዲዮ የሚለው ገጽ ላይ የሙከራ ድምፁን ስጫነው በደንብ ይጮሃል። ዋይኑ ድምፅ ካለው ታዲያ ጌሙን ምን ነካው?

ሁለተኛው ዊቸር 3 ነው። እሱን በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው በአንድ ጥቅል የሚጭን ነው) በጫንኩት ስቲም ላይ በፕሮቶን፣ ማለትም በስቲም የዋይን ቅጂ ነው የምጫወተው። ድምፅ አለው፣ ግን እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ገጠር ገጠሩን ስሄድ ደህና ነው፣ ኖቪግራድ ከተማ ውስጥ ስገባ ግን አያድርስ ነው። ሰው ምን እንደሚል እንኳ አይሰማም።

ፈልጌ ያገኘሁት መፍትሔ በሙሉ "ይህን ኮማንድ ኮፒ አድርገህ ለጥፍ" የሚል ነው። አንዱ ፓይፕዋየርን (ሲስተሙ ላይ ድምፅ የሚያስተናግደውን ሰርቨር) አጥፋ ይላል፣ ሌላው የድምፅ ካርዱን ድራይቨር ቀይር ይላል። ምን እንደሆነ ያላወቅኩትን ነገር ለጥፌ የሚሠራውን ማበላሸት አልፈልግም። ኢንተርኔት የምጠቀመው በሞባይል ዳታ ስለሆነ ደግሞ እባካችሁ ፎርማት አድርገሽ እንደገና ጫኚ አትበሉኝ።

አልሳ_ብቻ፦

ፓይፕዋየሩን አውጥተሽ ወደ ቀድሞው የድምፅ ሰርቨር፣ ወደ ፐልስኦዲዮ ተመለሽ። እኔ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ነኝ፣ እዚያ ድምፁን የሚያስተናግደው እስካሁን ፐልስኦዲዮ ነው፣ አንድም ጌም ተንጣጥቶብኝ አያውቅም። አዲስ ነገር ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

ጆሮ_ሰጪ፦

ሚንቷ፣ ጥያቄሽን በደንብ ስለጻፍሽው ለመመለስ ይቀላል። ከሁሉም በፊት ፓይፕዋየሩን አትንኪው። ሚንት 22 የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ብታወጪው የብሉቱዙም የስክሪን ሪከርዲንጉም ነገር አብሮ ይናጋል፣ ሳን አንድሪያስ ግን ያው ጭጭ እንዳለ ይቀራል። ምክንያቱም የሁለቱ ጌሞች ችግር አይገናኝም። የአንደኛው ድምፅ ከነጭራሹ አልወጣም። የሁለተኛው ወጥቷል፣ ግን በሰዓቱ አይደርስም።

ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ካወቅሽ የት ጋ እንደቀረ ራስሽ ታገኚዋለሽ። ጌሙ የሚያውቀው ዊንዶውስን ብቻ ነው። እንደ ሳን አንድሪያስ ያሉ የድሮ ጌሞች ድምፃቸውን ለዳይሬክትሳውንድ፣ ለዊንዶውስ የድሮ የድምፅ ክፍል ነው የሚያስረክቡት፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ለኤክስኦዲዮ2። ዋይን በእነዚህ ቦታ ቆሞ ይቀበልና ለራሱ የፐልስ ድራይቨር ያቀብላል። ድራይቨሩ ለፓይፕዋየር፣ ፓይፕዋየር ለአልሳ (የሊኑክስ ከርነል የድምፅ ክፍል)፣ አልሳ ለድምፅ ካርዱ። ፓይፕዋየር የፐልስኦዲዮን ቋንቋ ስለሚናገር ዋይን ልዩነቱን እንኳ አያውቀውም።

አሁን ፓቩኮንትሮል የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ዳታሽን አይበላም። ጌሙን ክፍት አድርገሽ ፕሌይባክ የሚለውን ገጽ እዪ። የጌሙ ስም እዚያ ካለና ከሥሩ ያለው መስመር እየዘለለ ከሆነ ድምፁ ከዋይን ወጥቷል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ሚውት ተደርጎ ነው ወይ ወደ ኤችዲኤምአይ ሄዶ ነው፣ እዚያው ገጽ ላይ ታስተካክዪዋለሽ። ስሙ ጨርሶ ከሌለ ግን ድምፁ ዋይን ውስጥ ቀርቷል። እንደ ጠረጠርኩት ከሆነ ያንቺ ይሄኛው ነው።

የሙከራ ድምፁ ለምን ይጮሃል ላልሽው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሉትሪስ በነባሪነት የሚሠራልሽ የዋይን ፎልደር 64 ቢት ነው። በዚያ ፎልደር የምትከፍቺው ኮንፊግሬሽን ራሱ 64 ቢት ፕሮግራም ስለሆነ የሚጠቀመው የሲስተምሽን 64 ቢት የፐልስ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል) ነው፣ እሱ ደግሞ አለሽ። ሳን አንድሪያስ ግን 32 ቢት ጌም ነው። የሚፈልገው የዚያኑ ላይብረሪ የ32 ቢት ቅጂ ነው። እሱ ከሌለ የ32 ቢቱ ድራይቨር አይነሳም፣ ጌሙም ኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ የሌለው መስሎት ዝም ብሎ ይቀጥላል። ዋይንን ከሚንት ፓኬጅ ብትጭኚው ኖሮ የሚያስፈልገው ሁሉ ተከትሎ ይመጣ ነበር። ሉትሪስ የሚያወርደው ዋይን ግን በፓኬጅ ማናጀሩ በኩል ስለማያልፍ ማንንም አያስከትልም። የፍላትፓኩ ስቲም ደግሞ ላይብረሪዎቹን በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ነው ዊቸር ድምፅ ያገኘው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቴርሚናል ላይ ዲፒኬጂ ብለሽ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሰረዝና ኤል፣ ከዚያ ሊብፐልስ0 ብለሽ ጻፊ (ኮማንዶቹን እዚህ በፊደላችን እጽፍልሻለሁ፣ አንቺ በላቲን አድርጊያቸው)። የሚወጣልሽ መስመር ላይ ኤኤምዲ64 (64 ቢቱ) የሚለው ብቻ ካለና አይ386 (32 ቢቱ) የሚል ከሌለ ነገሩ አለቀ። ሊብፐልስ0:አይ386 እና ሊብአሳውንድ2-ፕለጊንስ:አይ386 የሚባሉትን ሁለቱን በኤፒቲ (የሚንት ፓኬጅ መጫኛ ኮማንድ) ጫኚ። ኤፒቲ አላገኘሁም ካለሽ መጀመሪያ ዲፒኬጂ ላይ የአይ386 አርክቴክቸርን ጨምረሽ አፕዴት አድርጊ። ከዚያ ጌሙን ዘግተሽ ክፈቺው፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም።

ለወደፊቱ ደግሞ ይህ ጣጣ እየቀነሰ ይሄዳል። ዋይን ከ9.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ፣ 32 ቢት ጌሞችን ያለ 32 ቢት የሲስተም ላይብረሪ ማስኬድ የሚችልበት አዲስ አሠራር አለው። አሁን ያለሽ ግን በአሮጌው መንገድ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዊቸር ልምጣ። የድምፅ ካርዱ ድምፅን የሚቀበለው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ፓይፕዋየር በነባሪነት አንዱን ቁራጭ 1024 ናሙና ያደርገዋል። በሰከንድ 48000 ናሙና ስለሚጫወት አንዱ ቁራጭ 21 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ጌሙ ከዚያም ያነሰ ቁራጭ ሊጠይቅ ይችላል፣ ፓይፕዋየርም እሺ ይለዋል። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ሳይዘገይ ይሰማል፣ ግን ፕሮሰሰሩም ፋታ ያጣል። ኖቪግራድ ስትገቢ በመቶ የሚቆጠር ሰው መንገድ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ፕሮሰሰሩ ይጨናነቃል፣ ቀጣዩ ቁራጭ በሰዓቱ አይደርስም። ካርዱ የሚጫወተው ሲያጣ የሚፈጠረው ክፍተት ነው ያ "ቷ ቷ" የሚለው። ገጠር ላይ ደህና የሆነውም ለዚሁ ነው።

ይህንንም በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ጌሙን በመስኮት ከፍተሽ ቴርሚናል ላይ ፒደብሊው-ቶፕ በዪ። ድምፅ የሚያወጣው ሁሉ ይዘረዘራል። ኩዋንት የሚለው ዓምድ የቁራጩን መጠን ያሳይሻል፣ ኢአርአር የሚለው ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳረፈደ ይቆጥራል። ድምፁ በተንጣጣ ቁጥር ያ ቁጥር ከጨመረ ሌላ ነገር መጠርጠር አያስፈልግም።

መፍትሔው ለጌሙ ጊዜ መስጠት ነው። ስቲም ላይ የጌሙን ፕሮፐርቲስ ከፍተሽ የማስጀመሪያ አማራጭ የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ እንዲህ በዪ፦ ፐልስ_ሌተንሲ_ኤምሴክ=60 %ኮማንድ%። የመጀመሪያው ቃል በሙሉ በትልልቅ የላቲን ፊደል ነው፣ በመካከሉ ያለው የታች ሰረዝ ነው፣ ኮማንድ የሚለው ብቻ በትንንሽ ፊደል ይሁን። 60 ካልበቃው 90 አድርጊው። ከዚያ በላይ ግን አታብዢው፣ ሰይፉ ካረፈ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ መሰማት ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የምትጫወቺው ቻርጀር ሰክተሽ ነው ወይስ በባትሪ?

ሚንቷ፦

ጆሮ_ሰጪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳን አንድሪያስ አወራ! ልክ እንዳልከው የጌሙ ስም ፓቩኮንትሮል ላይ አልነበረም። ዲፒኬጂውም ኤኤምዲ64 ብቻ ነበር ያሳየኝ። ሁለቱን ፓኬጆች ስጭን ሌሎች ትንንሽ ላይብረሪዎችም አብረው መጡ፣ ግን ብዙ ዳታ አልወሰደም። ጌሙን ስከፍተው ሙዚቃው ገና ከሜኑው ጀመረ፣ መኪና ውስጥ ስገባም ሬዲዮው አለ።

ዊቸርን በባትሪ ነበር የምጫወተው፣ ሰፈራችን መብራት እየመጣ እየሄደ ስለሚያስቸግር። ጥያቄህን ካየሁ በኋላ ቻርጀር ሰክቼ ፒደብሊው-ቶፕን ከጎን ከፍቼ ሞከርኩት። በባትሪ ኖቪግራድ ገበያው መሃል ስቆም የኢአርአር ቁጥሩ ሳያቋርጥ ይጨምራል። ሲሰካ አልፎ አልፎ ነው። 60ውን ስጽፍበት ደግሞ ተሰክቶ እያለ ጨርሶ ቆመ። በባትሪ ግን አሁንም ትንሽ ትንሽ ይላል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ብሉቱዝ ሄድፎን ሳደርግ አንዳንድ ኦንላይን ጌም ላይ ድምፁ ድንገት እንደ ስልክ ጥሪ ይደፈናል። ጌሙን ስዘጋው ይመለሳል። ይሄም ከቁራጩ ጋር የተያያዘ ነው?

ጆሮ_ሰጪ፦

ደስ ይላል! ባትሪው ላይ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ቀስ ያደርገዋል። የባትሪ ምልክቱ ላይ የኃይል ሁኔታ ምርጫ ካለሽ ጌም ስትከፍቺ ወደ ከፍተኛ አቅም አድርጊው። በእርግጥ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ያንን ካልፈለግሽ ለዚያ ሰዓት ብቻ ቁራጩን ራስሽ ማስፋት ትችያለሽ፦ ፒደብሊው-ሜታዳታ -ኤን ሴቲንግስ 0 ክሎክ.ፎርስ-ኩዋንተም 2048። ይህ 43 ሚሊሰከንድ ያህል ፋታ ይሰጠዋል። ስትጨርሺ ያንኑ ጽፈሽ በ2048 ምትክ 0 አድርጊ፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ነገር ስላልሆነ ረስተሽው ኮምፒውተሩን ብታጠፊውም ችግር የለውም። ሲስተም የማያበላሽ ሙከራ የምወደው ለዚህ ነው።

የብሉቱዙን ለሌላ ሰው ልተወው፣ እኔ ገመድ ነው የምጠቀመው።

ሄድፎን_አንጋች፦

የብሉቱዙ ከቁራጩ ጋር አይያያዝም። የብሉቱዝ ሄድፎን ሁለት ፕሮፋይል አለው። ኤ2ዲፒ የሚባለው ጥራት ያለው ስቴሪዮ ነው፣ ግን ማይክ የለውም። ሌላው የስልክ ጥሪ ፕሮፋይል ነው፣ ማይክ አለው ግን ድምፁ የተደፈነ ነው። ኦንላይን ጌሙ የድምፅ ቻት ስላለው ሲነሳ ማይክ ይከፍታል። ሲስተሙም ማይክ ተፈለገ ብሎ ሄድፎንሽን ወደ ጥሪ ፕሮፋይል ያዞረዋል። አንቺ አንድም ቃል ባትናገሪም ያዞረዋል።

ቀላሉ ነገር ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የድምፅ ቻቱን ማጥፋት ነው። ማጥፋት ካልተቻለ ጌሙ ከተነሳ በኋላ ፓቩኮንትሮል ላይ ኮንፊግሬሽን የሚለውን ገጽ ክፈቺና የሄድፎኑን ፕሮፋይል ወደ ኤ2ዲፒ መልሺው። ማውራት የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ባለገመድ ማይክ ወይም የላፕቶፑን ማይክ ምረጪ፣ ሄድፎኑ ለመስማት ብቻ ይሁን። ዋየርፕላምበር (የፓይፕዋየርን ግንኙነቶች የሚያስተዳድረው) 0.5 ላይ ይህን አውቶማቲክ መዞር የሚያጠፋ ሴቲንግ አለ፣ ሚንት 22 ይዞት የመጣው ግን 0.4 ስለሆነ እዚያ በፋይል ነው የሚስተካከለው። ለእሱ ብለሽ አትጨነቂ።

እግረ መንገዴን፣ ሌላ ሰው ይህን ሲያነብ እንዲጠቅመው ልጨምር። ድምፁ ግማሹ ብቻ የሚጠፋበት ጉዳይም አለ፣ እሱ ከሁለቱም ይለያል። ሙዚቃው አለ፣ ጥይቱ አለ፣ ሰው ሲያወራ ብቻ አይሰማም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው 5.1 (የስድስት ስፒከር አደረጃጀት) ነው። ጌሙ የሰውን ንግግር ወደ መሃለኛው ስፒከር ይልካል፣ ካርዱ 5.1 ተብሎ ተቀምጧል፣ ቤት ውስጥ ያለው ግን ሁለት ስፒከር ነው። ንግግሩ በሌለ ስፒከር ነው የሚወጣው። ያው ኮንፊግሬሽን ገጽ ላይ ወደ ስቴሪዮ መቀየር ነው፣ ጌሙ ውስጥም የስፒከር ምርጫ ካለ እንዲሁ።

የመሃል ፊልሞቹ ብቻ ድምፅ ካጡ ወይም ምስሉም አብሮ ከጠፋ ግን የድምፅ መንገዱን አትንኩት፣ ያ የቪዲዮ ኮዴክ ጉዳይ ነው። ብዙ ጌሞች ፊልሞቻቸውን በዊንዶውስ ሚዲያ ፎርማት ነው የሚያስቀምጡት፣ ዋይን ደግሞ እነሱን ለመክፈት ጂስትሪመር የሚባለውን የሚዲያ መክፈቻ ይጠራል። ስቲም ላይ ከሆነ ፕሮቶን ጂኢ የሚባለውን ቅጂ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል፣ ፕሮቶንአፕ-ኪውቲ በሚባለው ፕሮግራም ይጫናል። ሚንቷ፣ አንቺን ስለማይመለከት አታውርጂው፣ ፕሮቶን ጂኢ ከባድ ነው፣ ዳታ ይበላል።

አልሳ_ብቻ፦

እኔ ግን አሁንም ፐልስኦዲዮ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም እላለሁ። ፒደብሊው-ቶፕ ምናምን ሳልል ጌሜን ከፍቼ እጫወታለሁ።

ጆሮ_ሰጪ፦

አልሳ_ብቻ፣ የሚሠራልህን ለምን ትነካለህ ማንም አይልህም። ግን ያንተ ላፕቶፕ ላይ የማይንጣጣው ፐልስኦዲዮ በነባሪነት ሰፊ ባፈር (የድምፅ ማቆያ) ስለሚይዝ ነው። እኔ 60 ብለሽ ጻፊ ያልኳትም ያንኑ ስፋት ለአንድ ጌም ብቻ ስጪው ማለቴ ነው። 32 ቢቱ ላይብረሪ ቢጎድል ደግሞ አንተም ጋ ያው ዝምታ ነው፣ ፐልስኦዲዮም ሆነ ፓይፕዋየር ዋይን የሚጠራው ያንኑ ላይብረሪ ነው። አዲስ ሰው መጥቶ ጌሜ ድምፅ የለውም ሲል የድምፅ ሰርቨርህን አውጣ ማለት እኔን ያሳስበኛል። ብዙ ሰው ሊኑክስን ጥሎ የሄደው እንዲህ ባለ ምክር ደህና የነበረው ሁሉ ከተበላሸበት በኋላ ነው።

የድሮ መፍትሔዎችንም ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። ፕሮቶን በኦገስት 2018 ሲወጣ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ላይ ሙዚቃውም የሰው ንግግሩም አይሰማም ነበር። ሰው ሁሉ የማይክሮሶፍትን የኤክስኦዲዮ ፋይል በዋይንትሪክስ (ዋይን ውስጥ የዊንዶውስ ፋይሎችን የሚጨምር መሣሪያ) አስገብቶ ነበር የሚጫወተው። በዓመቱ ኤፍኦዲዮ የሚባለው ነጻ ፕሮጀክት ያንን ሥራ ዋይን ውስጥ ተረከበ። ያ ምክር ግን እስከ ዛሬ ይዞራል፣ ዛሬ ያንን ፋይል ማስገባት አንዳንዴ የሚሠራውን ድምፅ ያጠፋል። ያገኛችሁት ምክር የስንት ዓመት እንደሆነ፣ የትኛውን የዋይን ወይም የፕሮቶን ቅጂ እንደሚመለከት እዩ።

ሚንቷ፦

የብሉቱዙም ተፈታ። ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ቻቱ በርቶ ነበር፣ አጠፋሁት፣ አሁን ሄድፎኑ አይደፈንም። ሄድፎን_አንጋች፣ አመሰግናለሁ።

2048ቱንም በባትሪ ሞከርኩት። ኢአርአሩ ኖቪግራድ ውስጥም አልተንቀሳቀሰም። የድምፁ መዘግየት ለእኔ አይታወቀኝም። ስጨርስ 0 አድርጌ መልሼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሌላ የድሮ 32 ቢት ጌም በሉትሪስ ብጭን እነዚያን ፓኬጆች እንደገና መጫን አለብኝ?

ጆሮ_ሰጪ፦

የለብሽም። የጫንሻቸው ለሲስተሙ ነው፣ ሁሉም የሉትሪስ ጌሞች ይጠቀሙባቸዋል። ወደ ሚንት 23 ስታሳድጊ ብቻ ዲፒኬጂውን አንዴ እዪው፣ አይ386 የሚለው መስመር መኖሩን።